በ«ዲዋር» ፊልም ቪጃይ የጠየቀው ፊርማ ለምን መልስ አላገኘም?

የድሮ ፊልም ተመልካች (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ በያሽ ቾፕራ አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ1975 ለእይታ የበቃውን «ዲዋር» የተሰኘ የሂንዲ ፊልም የሚመለከት ነው። ፊልሙን ካዩት ሰንበት ላላችሁ ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ። አናንድ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኞች መሪ ነው። ባልደረቦቹን ወክሎ ለመብታቸው ሲሟገት የማዕድኑ ባለቤት ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን እንደሚያስገድልበት ዝቶ ሠራተኞቹን የሚጎዳ ወረቀት ያስፈርመዋል። ሠራተኞቹ የዛቻውን ነገር ስለማያውቁ ከሃዲ አድርገው ይቆጥሩታል፣ ያዋርዱታል፣ ይደበድቡታል፤ እሱም ኀፍረቱን መሸከም አቅቶት ቤተሰቡን ጥሎ ይጠፋል። ቂሙ ለልጅም ይተርፋል፤ የበኩር ልጁን ቪጃይን ይዘው ክንዱ ላይ «አባቴ ሌባ ነው» ብለው ይነቅሱበታል። እናቲቱ ሱሚትራ ሁለቱን ልጆቿን ይዛ ወደ ቦምቤይ ትሰደድና በሕንፃ ግንባታ የቀን ሥራ ጡብ እየተሸከመች ታሳድጋቸዋለች። ታናሹ ራቪ ተምሮ የፖሊስ መኮንን ሲሆን፣ ቪጃይ ግን ከሊስትሮነት ወደ ወደብ ወዛደርነት፣ ከዚያም ወደ ወርቅ ኮንትሮባንድ ይሻገራል።

ጥያቄዬን የወለደው ሁለቱ ወንድማማቾች በፊርማ ጉዳይ የሚከራከሩበት ትዕይንት ነው። ራቪ ወንድሙን ወንጀሉን አምኖና ግብረ አበሮቹን ዘርዝሮ እንዲፈርም ይጠይቀዋል። ቪጃይ አልፈርምም አይልም፤ የመጀመሪያው ፈራሚ እኔ አልሆንም ነው የሚለው። አስቀድመህ አባታችንን ያስፈረመውን ሰው ፊርማ አምጣ፤ እናታችንን ሰድቦ ከሥራ ያባረራትን ሰው ፊርማ አምጣ፤ በክንዴ ላይ ይህን የጻፉትን ሰዎች ፊርማ አምጣ፤ ከዚያ በኋላ አንተ ባልከኝ ወረቀት ላይ ሁሉ እፈርማለሁ ይለዋል። ራቪም የሌሎችን ኃጢአት መቁጠር የራስህን አይቀንስልህም ብሎ ይመልስለታል። እናትየውም ከራቪ ጋር ከቤቱ ወጥታ ትሄዳለች።

እኔ የራቪን አባባል እውነትነት እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ቪጃይ ለጠየቀው ጥያቄ መልስ ሆኖ አላገኘሁትም። ቪጃይ ነጻ ልቀቁኝ አላለም፤ የፍርዱ ቅደም ተከተል ይስተካከል ነው ያለው። ፊልሙም እንደ ራቪ ጥያቄውን አልፎት ይሄዳል። የመከራው ሁሉ መነሻ የሆነው የማዕድን ባለቤት ከመጀመሪያዎቹ ትዕይንቶች በኋላ ከታሪኩ ይወጣል፤ ማንም አይከሰውም፣ ማንም አይፈልገውም። ይህ የድርሰቱ ጉድለት ነው ወይስ ታስቦበት የተደረገ ነገር? በተጨማሪም በህንድ ሕግ ባለቤቱን ለመክሰስ በእርግጥ ይቻል እንደነበር የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

ሕግና ሲኒማ፦

ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልጀምር፤ ምክንያቱም መልሱ ለመጀመሪያውም ጥያቄ ብርሃን ይሰጣል ብዬ አምናለሁ።

የአናንድ ፊርማ በሕግ ፊት ደካማ ፊርማ ነው። እ.ኤ.አ. የ1872 የህንድ የውል ሕግ በአንቀጽ 15 በወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የተከለከለን ድርጊት እፈጽምብሃለሁ ብሎ ዝቶ ፈቃድን ማግኘት ማስገደድ እንደሆነ ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 19 ደግሞ እንዲህ ያለ ፈቃድ የወለደው ስምምነት በተገደደው ወገን ጥያቄ ሊፈርስ እንደሚችል ይናገራል። ዛቻው ራሱም ወንጀል ነው። በጊዜው ይሠራበት የነበረው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 506 በግድያ ማስፈራራትን እስከ 7 ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣ ነበር። ይርጋን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. የ1973 የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 468 ያስቀመጠው የጊዜ ገደብ ቅጣታቸው ከ3 ዓመት የማይበልጥ ወንጀሎችን ብቻ የሚመለከት ስለነበር፣ የግድያ ዛቻ ዓመታት ስላለፉበት ብቻ አይታገድም ነበር። እንግዲህ ቪጃይ «አምጣ» ያለው ሰው ራቪ ሲሾም ከሕግ እጅ ያመለጠ ሰው አልነበረም፤ ክስ ያልቀረበበት ሰው ነበር። ሁለቱ በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የክሱ ችግር ማስረጃ ነው። ማስገደዱን በራሱ ላይ የተፈጸመ ነገር አድርጎ ሊመሰክር የሚችለው አናንድ ነበር፤ እሱም በባቡር ከቦታ ቦታ ሲንከራተት ኖሮ እዚያው ይሞታል። እዚህ ላይ ደራሲዎቹ ሳሊም ካንና ጃቬድ አክታር ያደረጉትን ነገር ልብ ይሏል፤ ምስክሩን ያጠፋው ነፍሰ ገዳይ አይደለም፣ ኀፍረት ነው። ባለቤቱ ዛቻውን መፈጸም እንኳ አላስፈለገውም።

አሁን ደግሞ ራቪ ለወንድሙ ስላቀረበው ወረቀት። በጊዜው ይሠራበት የነበረው እ.ኤ.አ. የ1872 የህንድ የማስረጃ ሕግ በአንቀጽ 25 ተጠርጣሪ ለፖሊስ መኮንን የሰጠው የእምነት ቃል በእሱ ላይ ማስረጃ ሆኖ እንዳይቀርብ ይከለክል ነበር፤ የእምነት ቃል ዋጋ የሚኖረው በሥነ ሥርዓቱ መሠረት ዳኛ ፊት ሲሰጥ ነው። ይህ ድንጋጌ የገባው በቅኝ ግዛት ዘመን ፖሊስ ሰዎችን እያሠቃየ ያስፈርም ስለነበር ነው። ስለዚህ ቪጃይ በዚያ ምሽት ቢፈርም ኖሮ ወረቀቱ ግብረ አበሮቹን ለማግኘት ለምርመራ ይጠቅም ይሆናል እንጂ ብቻውን አያስፈርድበትም ነበር። ትዕይንቱን በዚህ ዓይን ሳየው ራቪ የሚፈልገው የሕግ ሰነድ አይመስለኝም፤ ወንድሙ በአንደበቱ «አጥፍቻለሁ» እንዲል ነው። ቪጃይም የሚፈልገው ያንኑ ነው፤ ልዩነቱ ከሌላ ሰው አፍ መፈለጉ ብቻ ነው። ሁለቱም ፍርድ ቤት ሊሰጠው የማይችለውን ነገር ነው የሚጠይቁት።

የሱሚትራ ጠበቃ፦

ከላይ የቀረበው የሕግ ማብራሪያ ጠቃሚ ነው፤ ለእሱም አመሰግናለሁ። ይሁን እንጂ ራቪ መልስ አልሰጠም የሚለውን የጠያቂያችንን ድምዳሜ አልቀበልም። መልሱን ቀደም ብሎ ተምሮታል፤ የተማረውም ዳቦ ሰርቆ ከሚሮጠው ልጅ ቤት ነው።

ራቪ የወንድሙን ጉዳይ እንዲይዝ ሲሰጠው መጀመሪያ ያመነታል። በዚህ መሐል አንድ ሌባ አሳድዶ እግሩን በጥይት ይመታዋል፤ ሲደርስበትም ልጁ የሰረቀው ዳቦ ሆኖ ያገኘዋል። ምግብ ይዞ ወደ ልጁ ወላጆች ቤት ሲሄድ እናትየዋ በቁጣ ትቀበለዋለች፤ ጡረታ የወጣ መምህር የሆነው አባት ግን የመጣው የልጁን እግር በጥይት የመታው ፖሊስ መሆኑን እያወቀ፣ ስርቆት ቢያንስም ቢበዛም ስርቆት ነው በማለት ለመኮንኑ ይፈርድለታል። ራቪ የቪጃይን መዝገብ ለመቀበል የሚወስነው ከዚህ በኋላ ነው። መምህሩን የተጫወተው ኤ.ኬ. ሃንጋል በዚያች አጭር ትዕይንት የሚያሳየው ክብር እስከ ዛሬ ይከብደኛል። ከዚያ ቤት የወጣ ሰው ወንድሜ ስለሆነ ልተወው ሊል አይችልም። በረሃብ የሰረቀውን የድሃ ልጅ እግር የመታ እጅ በሕንፃና በመኪና የሚኖረውን የራሱን ወንድም ካለፈ፣ ከማዕድኑ ባለቤት የሚለየው ምንድን ነው?

ስለ እናትየዋም ልናገር፤ ብዙ ጊዜ የምትነሣው በሁለት ወንዶች ልጆች መካከል እንደ ተቀመጠች ሽልማት ተደርጋ ነው። ቪጃይ ሕንፃው፣ ንብረቱ፣ በባንክ ያለው ገንዘብ፣ ቤትና መኪናው እያለው ራቪን አንተስ ምን አለህ ሲለው፣ ራቪ እናቴ አለችኝ ብሎ የሚመልስባት ዐረፍተ ነገር በህንድ ምድር ያልሰማት ሰው የለም ማለት ይቻላል። እኔ ግን የሱሚትራን ፍርድ የምሰማው ሌላ ቦታ ነው። ለቪጃይ እንዲህ ትለዋለች፦ ይህን በክንድህ ላይ የጻፈው ሰው ለአንተ ምንህም አልነበረም፤ አንተ ግን የገዛ ልጄ፣ የገዛ ደሜ ሆነህ ሳለ ልጇ ሌባ ነው ብለህ በእናትህ ግንባር ላይ እንዴት ጻፍህ? ጠያቂያችን፣ ለቪጃይ የፍርድ ቅደም ተከተል ጥያቄ የተሰጠው መልስ ይህ ነው። ግፍ ከባዕድ ሲመጣ አንድ ነገር ነው፤ ከወገን ሲመጣ ሌላ። በኋላም ራቪ ወንድሙን ሊይዝ ሲወጣ ሽጉጡን በገዛ እጇ ሰጥታ፣ ስትተኩስ እጅህ አይንቀጥቀጥ ብላ ትሸኘዋለች፤ ሲመሽ ደግሞ ቪጃይን ልትጠብቅ ወደ ቤተ መቅደሱ ትሄዳለች። ሁለቱንም የምታደርገው አንዲት ሴት ናት፤ ኒሩፓ ሮይም አንዱን በሌላው ሳትሸፍን ትጫወተዋለች።

የቦምቤይ ታሪክ አንባቢ፦

እስካሁን የተነሡት ሐሳቦች በገጸ ባሕርያቱ ላይ ያተኮሩ ስለሆኑ፣ ፊልሙ የወጣበትን ዘመን በጥቂቱ ማንሣት ይገባል ብዬ አስባለሁ።

ፊልሙ ለእይታ የበቃው በጃንዋሪ 1975 ነው። በዚያው ዓመት ጁን 25 በህንድ አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፤ እስከ ማርች 1977ም ቆየ። አዋጁ ከመምጣቱ በፊትም ቢሆን መንግሥት በኮንትሮባንድ ነጋዴዎች ላይ ዘመቻ ጀምሮ ነበር፤ በ1974 የወጣው የውጭ ምንዛሪ ጥበቃና የኮንትሮባንድ መከላከል ሕግ ሰዎችን ያለ ፍርድ ለማሰር ይፈቅድ ነበር። ወርቅ እንዲህ ያለ ዋጋ ያገኘው ደግሞ በራሱ በመንግሥት ክልከላ ምክንያት ነው። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በተለይም በ1968ቱ የወርቅ ቁጥጥር ሕግ የወርቅ ንግድና ይዞታ በጥብቅ ተገድቦ ስለነበር፣ ከዱባይ በባሕር እየተጫነ ወደ ቦምቤይ ዳርቻ የሚገባው ወርቅ ከፍተኛ ትርፍ ያስገኝ ነበር። ሕጉ በ1990 ተሽሯል። ብዙዎች ቪጃይን ከሀጂ ማስታን ጋር ያያይዙታል፤ እሱም በቦምቤይ ወደብ በወዛደርነት ጀምሮ በኮንትሮባንድ ስሙ የገነነ፣ በኋላም የታሰረ ሰው ነበር።

የወደቡን ትዕይንት በዚህ መነጽር ተመልከቱት። የወንበዴ አለቃው የሳማንት ሰዎች ከወዛደሮቹ ደመወዝ ላይ በየሳምንቱ ገንዘብ ይቀማሉ፤ አልሰጥም ያለው አዲስ ወጣት ይሞታል። ያኔ ቪጃይ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሌላ ወዛደር አልሰጥም ይላል ብሎ ይናገርና ከዚያ በኋላ ብቻውን መጋዘን ውስጥ ገብቶ ይደባደባቸዋል። በዚህ ሁሉ መሐል ፖሊስ የለም። የጠያቂያችን ጥያቄ በማዕድን ባለቤቱ ላይ ብቻ የቆመ መሆን የለበትም፤ ሕግ በወደቡም አልነበረም፣ በግንባታው ቦታም አልነበረም። ሕግ ወደዚህ ቤተሰብ ሕይወት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባው ራቪ የፖሊስ ልብስ ሲለብስ ነው፤ የመጀመሪያ ትልቅ ሥራውም ወንድሙን መያዝ ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ተመልካቹ ይህን ፊልም ሲያይ የግል የድንጋይ ከሰል ማዕድን ባለቤቶች ማዕድኖቻቸውን አጥተው ነበር፤ መንግሥት ለብረታ ብረት ማቅለጫ የሚሆነውን ከሰል የሚያወጡትን በ1972፣ ሌሎቹን በ1973 ወርሷቸዋል። ሲወርሳቸውም ሕጉ የካሳ ገንዘብ ቆርጦላቸዋል። እንደ አናንድ አስገዳጅ ያለ ሰው ከመድረኩ የወጣው ተከስሶ ሳይሆን ተከፍሎት ነው ማለት ነው። ደራሲዎቹ ይህን አስበው ጽፈውታል አልልም። የዘመኑ ተመልካች ግን ባለቤቱ ሳይጠየቅ መጥፋቱን እንደ ድርሰት ጉድለት አድርጎ ያየው አይመስለኝም፤ በጋዜጣ የሚያነበው ነገር ነበርና።

የድሮ ፊልም ተመልካች (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተለይ አንቀጽ 25ን አላውቅም ነበር፤ ትዕይንቱን በሌላ ዓይን እንዳየው አድርጎኛል።

ለሱሚትራ ጠበቃ ግን አንድ ተቃውሞ አለኝ። የመምህሩ ቤት ትዕይንት ራቪን እንደሚያጸድቅ ይናገራሉ፤ የልጁ እናት ቁጣስ የት ሄደ? ፊልሙ የሁለቱንም ድምፅ አሰምቶን የአባትየውን ብቻ ነው ሕግ ያደረገው። እናትየዋ ዝም እንድትል ተደርጋለች እንጂ ስሕተቷ አልተነገራትም። ልጇ ሲራብ ያልመጣ መንግሥት ዳቦ ሲሰርቅ ጥይት ይዞ መጣ፤ ይህ ከቪጃይ ጥያቄ ጋር አንድ ነው። ሃንጋል ያሳየው ክብር ለእኔም ይታየኛል፤ ሆኖም ድሃ ሰው ክቡር የሚባለው በራሱ ልጅ ላይ ሲፈርድ ብቻ ከሆነ፣ ያ ክብር ለማን ይጠቅማል ብዬ እጠይቃለሁ።

የሁለቱ ፊልሞች አነጻጻሪ፦

በጉዳዩ ላይ የምለው ነገር ከሌላ ፊልም ጋር በማነጻጸር የሚጀምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 በመህቡብ ካን አዘጋጅነት የወጣው «ማዘር ኢንዲያ» የዚህ ፊልም ቅድመ አያት እንደሆነ ብዙ ጊዜ ይነገራል። እዚያም ሁለት ወንድማማቾች አሉ፣ አንዱ፣ ቢርጁ፣ ሕገ ወጥ ይሆናል፣ እናትም የገዛ ልጇን አሳልፋ ትሰጣለች፤ እንዲያውም በገዛ እጇ ተኩሳ ትገድለዋለች። ነገር ግን ቢርጁ ከመሞቱ በፊት ቤተሰቡን በወለድ ያራቆተውን አራጣ አበዳሪ ሱኪላላን አግኝቶ ይገድለዋል፤ የዕዳ መዝገቦቹንም ያቃጥላል። ተመልካቹ ቢርጁን ቢኮንነውም የግፉ ባለቤት ዋጋውን ሲከፍል አይቷል።

በ«ዲዋር» ይህ የለም፤ ጠያቂያችን ያነሡት ጉዳይም የሚከብደው በዚህ ነው። ሕግ የማዕድን ባለቤቱን አልፈለገውም ተብሏል፤ እውነት ነው። ይሁንና ቪጃይስ ለምን አልፈለገውም? ቪጃይ ከኮንትሮባንድ አለቃው ከዳቫር ጋር ሆኖ ገንዘብ አለው፣ ሰዎች አሉት፣ መሣሪያ አለው። ፍቅረኛው አኒታ ስትገደልበት ሳማንትን ፈልጎ ለመግደል ጊዜ አላባከነም። አባቱን ያጠፋውን ሰው ግን ስሙን እያወቀ አንድ ቀን እንኳ ሲያፈላልገው አናይም። በገንዘቡ ያደረገው እናቱ ስትገነባ ጡብ የተሸከመችበትን ሕንፃ ያለ ክርክር በተጠየቀው ዋጋ መግዛት ነው። ተራ የበቀል ፊልም ቢሆን ኖሮ እኩሌታው ታሪክ ባለቤቱን በማሳደድ ባለቀ ነበር።

እኔ ያገኘሁት መልስ በራሱ በቪጃይ ጥያቄ ውስጥ ነው፤ የጠየቀው ፊርማ ነው፣ ጭንቅላት አይደለም። ገና ሊስትሮ ሳለ ገንዘቡን ወርውሮ ለሚከፍለው ሰው በእጄ ስጠኝ ያለው ልጅ፣ ካደገ በኋላም የሚፈልገው ያንኑ ነው፤ የበደለው ሰው ዝቅ ብሎ በእጁ እንዲሰጠው። ባለቤቱን ቢገድለው በክንዱ ላይ ያለው ጽሑፍ አይጠፋም፤ እንዲያውም ሟቹ እውነቱን ይዞ ይቀበራል። ጽሑፉን ሊሽር የሚችለው አናንድ ሌባ አልነበረም፣ እኔ አስገድጄው ነው የሚል የባለቤቱ ቃል ብቻ ነው። ሕግና ሲኒማ ብለው የጻፉት ሰው ሁለቱም ወንድማማቾች ኑዛዜ ፈላጊዎች ናቸው ያሉት በዚህ ምክንያት ልክ መስሎ ታይቶኛል።

እሳቸው ሁለቱም ፍርድ ቤት ሊሰጠው የማይችለውን ነገር ይጠይቃሉ ያሉት ግን ለቪጃይ የሚሠራ አይመስለኝም። አናንድ ተገድዶ ነው የፈረመው ብሎ በአደባባይ የሚመዘግብ ፍርድ ለቪጃይ የሚጎድለው ብቸኛ ነገር ነበር፤ ፍርድ ቤት ደግሞ የተሠራው በትክክል እንዲህ ያለውን ነገር መርምሮ እንዲመዘግብ ነው። ባለቤቱ አንድ ቀን እስር ቤት ባያድር እንኳ መዝገቡ ብቻ በበቃ ነበር።

ሕግና ሲኒማ፦

የመጨረሻውን ነጥብ እቀበላለሁ፤ ግን ከሦስቱ ፊርማዎች ሦስተኛውን አንርሳ። ቪጃይን የነቀሱት ሰዎች ባለጸጎች አልነበሩም፤ በአናንድ ፊርማ እንጀራቸውን ያጡ የማዕድን ሠራተኞች ናቸው። በልጅ ላይ የፈጸሙት የአካል ጉዳት በየትኛውም አገር ወንጀል ነው። አንድ ፍርድ ቤት የአናንድን መገደድ መርምሮ ቢመዘግብ፣ በዚያው መዝገብ እነዚህ ሰዎች ንጹሑን ሰው እንደደበደቡና ልጁን እንዳቆሰሉ ይጻፋል፤ ራሳቸው በዚያው ወረቀት ተበዳዮች ሆነው ሳለ ማለት ነው። ባለቤቱን መክሰስ የሚፈልግ ዐቃቤ ሕግ ለምስክርነት የሚጠራቸውም እነሱኑ ነው፤ በዚያ ዘመን በማዕድኑ የነበሩት እነሱ ናቸውና። እንግዲህ ራቪ የወንድሙን ጥያቄ ተቀብሎ ወደ ማዕድኑ ከተማ ቢመለስ፣ በመጀመሪያ ሊያነጋግር የሚገባው በወንድሙ ክንድ ላይ መርፌውን የያዘውን ሰው ነበር። እኔ በግሌ ያንን ንግግር የያዘ ትዕይንት ቢኖር ከመጨረሻው የቤተ መቅደስ ትዕይንት ይልቅ እመርጠው ነበር።